ማርቆስ የቆመባት ቦታ

ሃና ከምትባል የቆላ መንደር የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆሞ፣ «እዚህ የኳሱን ማርቆስ የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጂንካ ውስጥ የኳሱን ማርቆስ የማያውቅ ሰው አለ ወይ ብትል ይቀላል ልለው ነበር፤ ግን ሰውየው ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ እንደያዘው ሳይ ተውኩት።

«ወባ ነው» አለ። «ወደ ጂንካ ሊያመጡት መኪና ሲፈልጉ እኔ ጎማ ፈንድቶብኝ በረሃ ላይ ቀርቼ ነበር።»

ማንም ሳይወቅሰው መሬት መሬቱን እያየ ነበር የሚያወራው። ማርቆስ እዚያው ሃና ተቀብሯል። ሾፌሩ የማርቆስን ሚስት አልማዝን ከነልጆቿና ከነዕቃዋ ጭኖ አምጥቶ የማርቆስ ታላቅ ወንድም ግቢ አድርሷታል። ይህን ነግሮኝ ሄደ። በእጄ የያዝኩትን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ መስፋቴን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ የሱሪው ባለቤት ሊወስደው ሲመጣ ነው።

ማርቆስ የዚሁ አገር፣ የአሪ ሰው ነው። ለጂንካ ቡድን በግራ ክንፍ መጫወት ሲጀምር ጺም አልነበረውም ይላሉ፤ አብዮቱ ገና የፈነዳ ሰሞን ነው። እኔ ከኋላው በግራ ተከላካይነት መሰለፍ ስጀምር ግን ጺሙ መሀል ነጫጭ ፀጉር ይታይ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ ከየአውራጃው ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች እየተመረጡ በክፍለ ሀገሩ ስም አዲስ አበባ ሄደው ይጫወታሉ። ማርቆስ ያን የክፍለ ሀገሩን ማሊያ አንድ ጊዜ መልበስ ፈለገ። ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

ቁጭ ማለት አይችልም ነበር። ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው፤ ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ ግቢው ውስጥ እየተዘዋወረ። ጸሎት ቤት የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ጊዜ ወንጌላዊው ስብከቱን አቋርጦ፣ «ማርቆስ፣ አሜን ሳንል እንዳትወጣብን» ብሎ ቤቱን በሙሉ አሳቀው። የቡድናችን መሪ ጋሽ ኑሪ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከወደ መሀል አገር ገና በጎረምሳነቱ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ማርቆስ ሱቁ ሲገባ ከባንኮኒው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ባንኮኒው ሲመላለስ ጋሽ ኑሪ ሜትሩን አስቀምጦ፣ «ወይ ግዛ ወይ ቁጭ በል፤ ሱቄን አደከምከው» ይለዋል። ማርቆስም፣ «ኳስ ወደ ተቀመጠ ሰው አትመጣም፣ ጋሽ ኑሪ» ይላል። ይህን አባባል ለሁሉ ነገር ይጠቀምበታል። ሚስት ላላገባ ሰውም፣ ደመወዝ ለዘገየበት ሰውም ይህንኑ ነው የሚለው።

ሜዳችን አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ከተማው መሀል ነው፤ ሣሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ሰው ወደ ገበያ ያቋርጣል፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ደግሞ ሁሉም ዳር ይወጣል። ማርቆስ የዚያ ሜዳ ሠራተኛ ነበር። ሣሩን ያጭዳል፣ ከብቱን ያባርራል፣ የጎሉን ቋሚዎች ከጉድጓዳቸው ነቅሎ ዳር ላይ ያጋድማቸዋል። አውሮፕላኑ ሲነሣ መልሶ ይተክላቸዋል። ጠዋት ከብት ያባረረበት ሣር ላይ ከሰዓት ተከላካይ ያባርርበታል እንላለን።

ታዲያ ሜዳው መስመር አልነበረውም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማን መስመር ያሰምራል? በስተምዕራብ በኩል ተመልካቹ ይቆማል። ኳስ ወጣች የሚባለው ከተመልካቹ ኋላ ያለው ረጅም ሣር ውስጥ ስትገባ ነው። ማንም ያላወጣው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነበር። ግራ ክንፋችን በስተምዕራብ የሚውልበትን አጋማሽ ሰው ከልቡ ይጠብቀዋል። ማርቆስ ኳስ ይዞ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈልለታል፤ እሱ ያልፋል፤ ከዚያ ሕዝቡ በተከላካዩ ላይ ይዘጋል። ከሰው ጀርባ፣ በአህያና በጭነት መሀል ሮጦ፣ ማእዘኑ አካባቢ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከዲመካ የመጣ ቡድን ነበር፤ ተከላካያቸው ፖሊስ ነው። ማርቆስ ከፊቱ ሲጠፋበት እጁን ዘርግቶ፣ «ዳኛ! ኧረ ዳኛ! ሰውየው ገበያ ገባ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ዳኛው የትምህርት ቤት መምህር ነው። «ታገሥ፤ ተመልሶ ይመጣል» አለው።

ተመልሶም መጣ፤ ጎልም ሆነ።

የክፍለ ሀገሩ መራጮች ግን ጂንካ አይመጡም፤ እኛ ነን አርባ ምንጭ የምንሄደው፤ እሱም መኪና ሲገኝ። መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ እኔ ቡድኑ ውስጥ አልነበርኩም፤ የነገረኝ ጋሽ ኑሪ ነው። ወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪናቸው ዳር ቆመ። ሌሎቹ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልገው ተኙ። ማርቆስ ብቻውን ዳር ዳሩን ሽቅብ ቁልቁል ሲል ዋለና በመጨረሻ ታኬታውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ጋሽ ኑሪ ሮጦ ማሊያውን ከኋላ ጨምድዶ ያዘውና፣ «አንተ እብድ! ወንዙ ውስጥ ያለው አዞ ነው እንጂ መራጭ አይደለም!» አለው። ውሃው ሲጎድል ተሻገሩ። ሲደርሱ ጨዋታው በፎርፌ ለሌላው ተሰጥቶ አገኙት።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ነበርኩ። ለእኔ የመጀመሪያ ጉዞዬ ነው፤ ያን የመሰለ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ዙሪያውን በኖራ ተሰምሯል። ማርቆስ ከጨዋታው በፊት ጎንበስ ብሎ ኖራውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አየ፤ ከሱሪው ላይ ጠረገው። ከዚያ ረሳው መሰለኝ።

ባዶ ለባዶ ነበርን። ኳስ ከእኔ ተቀበለና ወደ ግራ አወጣት። አንዱን አለፈ። ሁለተኛው መንገድ ሲዘጋበት እንደ ልማዱ ወደ ውጭ ሰፋ አለ፤ ኖራውን ተሻግሮ፣ ውሃ የያዙትን ተቀያሪዎች በጀርባቸው ዞሮ፣ ማእዘኑ ጋ ተመልሶ ገባ። እኛ አሥራችንም ምንም ስሕተት አላየንም። ምን እናያለን? ዕድሜ ልካችንን ያየነው ነው። አሻማት፤ አጥቂያችን በቴስታ አስገባ። ተቃቀፍን። ማርቆስ እጁን ዘርግቶ ወደ መራጮቹ ወንበር ሮጠ። ሜዳው ጸጥ ማለቱን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ሳቁ መጣ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን እንዳነሣ ነበር።

«ወንድሜ፣ አንተ እኮ ከወጣህ ቆየህ» አለው።

ከመራጮቹ አንዱ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ይህን ሰውዬ በር ዘግታችሁ አጫውቱት» አለ። ማርቆስ በጎበዝ ተከላካዮች መሀል እንደዚያ ሲያልፍ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግን ጎል አልሆነም፤ ሩጫም አልተባለም። ስንመለስ ከአርባ ምንጭ እስከ ጂንካ የመኪናውን ብረት ይዞ ቆሞ ነው የመጣው።

ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ የመጣው። ኖራ አልተገኘም፤ ስለዚህ ከዳቦ ቤቱና ከየጎረቤቱ አመድ በጆንያ እያሰባሰበ እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲወጣ ሜዳውን ያሰምር ጀመር። በማእዘኖቹ ላይ የብረት ካስማ ተከለ፤ አውሮፕላኑን እንዳያሰናክሉ እስከ አናታቸው መሬት ውስጥ ቀበራቸው። ተመልካቹን በክንዱ እየገፋ ከአመዱ ኋላ ያደርጋል። ሰው አልወደደለትም። ያ ሁሉ ደስታ፣ ያ መከፈትና መዘጋት ቀረ። «ማርቆስ፣ አመድ አፋሽ አደረግከን እኮ» ይለዋል ጋሽ ኑሪ፤ እሱ ግን አይስቅም። ልምምድ ላይ ማንም አመዱን ከረገጠ ጨዋታውን ያስቆማል። «እዚያ ስትሄዱ ይስቁባችኋል» ይላል። «እኔ ላይ የሳቁት ይበቃል።»

ዓመታት አለፉ። ጎረምሶቹ ተራ በተራ ወደ ግንባር ስለሚወሰዱ ቡድናችን በየዓመቱ ሰው ያጣል። ማርቆስን ዕድሜው አስቀረው። «ለጦር ያረጀ፣ ለኳስ ያላረጀ» እያልን እንቀልድበት ነበር። በዚህ ቀልድ ሲስቅ አላየሁትም፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩም።

ሦስተኛው ዕድል ራሱ ወደ እሱ መጣ። በዚያ ዓመት ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሁለት መራጮች በአውሮፕላን ጂንካ መጥተው እኛንና የዲመካን ቡድን ሊያዩ ወሰኑ። ከተማው በሙሉ ያወራው ስለ ማርቆስ ነው። አሁን ካልተመረጠ መቼም እንደማይመረጥ ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ያውቃል።

በዕለቱ አውሮፕላኑ ዘገየ። ማርቆስ ደመናውን እያየ ሜዳው ላይ ሲመላለስ ዋለ። አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሰዎቹ ወርደው፣ ቋሚዎቹ ተመልሰው ሲተከሉ ጨዋታው የሚጀመርበት ሰዓት ደርሷል። የጠዋቱ ዝናብና የከብቱ እግር አመዱን አጥፍተውታል። እንደገና ለማስመር ጊዜ አልነበረም። መራጮቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡም መስመር እንደሌለ አየ፤ አንድም ሰው ሳይናገር ሁሉም አንድ ነገር አሰበ።

በሁለተኛው አጋማሽ ግራ ክንፋችን በስተምዕራብ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ለማርቆስ ኳስ አቀበልኩት። ያው ፖሊስ ከፊቱ ቆሟል፤ እሱም ቦርጭ አውጥቷል። ማርቆስ አንድ አብዶ ሠራበትና ወደ ተመልካቹ ገፋ። ሕዝቡ ተከፈተ። በዓመታት ውስጥ እንደዚያ ሲከፈት አላየሁም፤ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ዘለሉ፣ ሴቶች ቅርጫታቸውን ጎተቱ። «ግባ! ግባ!» ይላል ሰው። ከፊቱ እስከ ማእዘኑ ድረስ መንገዱ ወለል አለ።

ማርቆስ ቆመ። እግሩን ኳሷ ላይ አድርጎ ቆመ።

ፖሊሱም ደንግጦ ለትንሽ ጊዜ አየው። ከዚያ ኳሷን ከእግሩ ሥር ነጠቀና አርቆ ወደ አጥቂያቸው መታት። ወደ እኛ ጎል ሮጥኩ፤ አልደረስኩም። አንድ ለባዶ ተሸነፍን።

ጋሽ ኑሪ ጨዋታው እንዳለቀ ሜዳው ውስጥ ገባ። «ምን ሆነህ ነው? ምን ነካህ አንተ ሰው?»

«መስመር ነበር» አለ ማርቆስ።

«የታለ መስመሩ?»

«ባይታይም አለ። እኔ ነኝ ያሰመርኩት።»

«የአላህ ያለህ! ዝናቡ ሲያጥብልህ አንተ በአፍህ ታሰምራለህ?»

ከመራጮቹ ሽማግሌው ቀረብ ብሎ በትሕትና ነው የጠየቀው። «ፊሽካ ተነፍቶ ነበር?»

«አልተነፋም።»

«ታዲያ ተጫዋች እስከ ፊሽካ ነው የሚጫወተው፣ ወንድሜ» አለና ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ። በረኛችንን መረጡ።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ማርቆስ እንደ ሁልጊዜው ከብቱን አባረረ፣ ቋሚዎቹን ነቅሎ አጋደመ። በረኛችን በትንሿ መስኮት እጁን ሲያውለበልብ ማርቆስም አውለበለበለት። አውሮፕላኑ ወደ ተራራው ዞሮ እስኪጠፋ ቆሞ አየው። ከዚያ ቋሚዎቹን ሊተክል ሄደ።

ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሞኝ አለው፣ ግማሹ ቅን። ወንጌላዊው እንኳ በስብከቱ ጠቀሰው። እኔን ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። የቆምኩት ከኋላው ነበር፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ነገርን በዓይኑ ይለካል። የቆመባት ቦታ ልክ አልመጣልኝም። ጭቃው ሳይደርቅ ሄጄ ከካስማ እስከ ካስማ ክር ወጠርኩ። የታኬታው ምልክት አለ፤ ከፊቱም ኳሷ ያረፈችበት ጎድጓዳ። በእሷና በክሩ መሀል አንድ ሰው ተጋድሞ ይበቃዋል። መስመሩ ጋ አልደረሰም ነበር። ክሬን ጠቅልዬ ተመለስኩ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ማርቆስ ከዚያ በኋላ ጂንካ ውስጥ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። ሃና ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሲፈልግ ራሱ ጠይቆ ተዛወረ። ጋሽ ኑሪ፣ «ተቀየመን» አለ። የሚሄድ ዕለት ዕቃውን አብሬው ጫንኩ። አልማዝና ልጆቹ ከሾፌሩ ጎን ገቡ፤ እሱ ከላይ ዕቃው ላይ ሊሆን ነው። ሾፌሩ ውሃ ሲሞላ ብቻችንን ቆምን።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ኳሷ መስመሩ ጋ አልደረሰችም ነበር» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ክር ወጥሬ አይቼዋለሁ።»

«ልብስ ሰፊ!» አለ፤ እንደ ስድብ ነበር ያለው። ከዚያ ሳቀ። የመኪናውን ጎማ በእግሩ እየመታ፣ ዞር ዞር እያለ ነው የነገረኝ።

«ሰውነቴ እምቢ አለኝ፣ ተስፋዬ። ትንፋሽ አጣሁ። ጎኔን የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ሰዉ ሁሉ ተከፍቶልኝ መንገዱ ይታየኛል፤ እግሬ ግን አይሄድም። ጋሽ ኑሪ ‹ምን ነካህ› ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው መስመሩ ነው።»

«እውነቱን ብትነግራቸው ምን ነበረበት?»

«ሞኝ ነው ካሉኝ በሚመጣው እሑድ ያሰልፉኛል። አረጀ ካሉኝ ማን ያሰልፈኛል?» ጎማውን አንዴ መታ። «ሃና ያሉት ሠራተኞች ቡድን አቋቁመዋል። እዚያ ጺሜን ተላጭቼ ነው የምገባው። ሃያ ስምንት ነኝ ብያቸዋለሁ።»

«ለሰው ልንገር?»

«ስሞት ንገራቸው» አለ፤ የመኪናውን ብረት ይዞ ዕቃው ላይ ወጣ። «ያን ጊዜ ተቀያሪ አያስገቡብኝም።»

ሾፌሩ ዜናውን በነገረኝ ማግስት ወደ ወንድሙ ግቢ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል። ጋሽ ኑሪ መሀል ተቀምጦ ስለዚያ ቀን ሊያወራ ሲል ደረስኩ። «ሕዝብ ተከፍቶለት፣ መስመር በሌለበት፣ ፈጣሪ ያየኛል ብሎ የቆመ ሰው ነው» አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ፈጣሪ የሚለው አዲስ ነው፤ ማርቆስ እንደዚያ አላለም። አደራዬን ልወጣ ተነሣሁ። ክሩንም፣ ትንፋሹንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደክሞት?» አለ ጋሽ ኑሪ። «ማርቆስ ደክሞት? አንተ ከኋላው ነበርክ፤ ያየኸው ጀርባውን ነው። ሱቄን ያደከመ ሰው!» በእጁ ወደ መቀመጫዬ አመለከተ። «በሞተ ሰው ላይ እንዲህ አይባልም፣ ተስፋዬ። ተቀመጥ።»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። አንድ ሰው እጀ ጠባቤን ይዞ ወደ ታች ጎተተኝ።

አልማዝ በሴቶቹ በኩል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ወደ እኔ አየች።

«ላንተም ነግሮህ ነበር?» አለችኝ በዝግታ። «እኔ ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ጋሽ ኑሪ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። እሷ ግን እንዲናገር አልጠበቀችም። ነጠላዋን መልሳ ሳበችና፣

«ጋሽ ኑሪ፣ እስቲ ስለ መስመሩ ይንገሩን» አለች። «ልጆቹ አልሰሙትም።»